የሚነደው የማን ነው?

ከአሶሳ ወደ ኩርሙክ የሚጓዝ ሰው ሆሞሻን በመንገዱ ያገኛል። ሱዳን እዚያው ጎረቤት ናት፤ ናፍጣው ግን የሚመጣው አገር አቋርጦ ከጅቡቲ ወደብ ነው።

ኢትዮጵያ በአንድ ወቅት ከሱዳንም ቤንዚን ትገዛ ነበር። ከካርቱም በስተሰሜን ያለው የጃይሊ ማጣሪያ በቀን 100,000 በርሜል ያህል እንዲያጣራ የተሠራ ነበር። ሚያዝያ 2015 ጦርነቱ ፈነዳ፤ ጥር 2017 ማጣሪያው ነደደ፤ ጥፋቱንም አንዱ ወገን በሌላው ላይ አላከከ።

ወታደሩ መልስ አያጣም፤ «ታንክም በናፍጣ ይሄዳል፤ የጠላትን ናፍጣ ማቃጠል ጦርነት ነው» ይላል። እውነት አለው። ግን እህል ጭኖ ሆሞሻ የሚደርሰው መኪናም የሚሄደው በናፍጣ ነው። መስከረም 2012 የሳዑዲው አብቃይቅ ሲመታ የዓለም የነዳጅ ዋጋ በአንድ ቀን 15 በመቶ ያህል ዘለለ። ያኔ ዱላውን የሚመክት ድጎማ ነበር፤ ከሐምሌ 2014 ወዲህ ግን ድጎማው ደረጃ በደረጃ በመነሣቱ የሩቁ እሳት ከገበያተኛው ኪስ ይደርሳል።

የ1977 (እ.ኤ.አ.) የጄኔቫ ፕሮቶኮል ምግብ፣ ሰብል፣ ከብትና የመጠጥ ውሃ እንዳይወድሙ ሲከለክል ናፍጣን በስም አልጠራም። ለመሆኑ እህሉ ተርፎ እህሉን የሚያመጣው ቢነድ ልዩነቱ ምንድን ነው? የሚራበው ያው ሰው ነው።

በኩርሙክ በኩል ነፍሱን ይዞ የገባው ሱዳናዊና የተቀበለው ያገሬው ሰው ከአንድ ገበያ ይሸምታሉ። ዋጋ ሲንር እንግዳና ባለቤት በክፉ ዓይን ሊተያዩ ይችላሉ። ጦርነት ያለ ጥይት ድንበር የሚሻገረውም እንዲህ ነው።

ስለዚህ ማጣሪያ ላይ የሚያነጣጥር አዛዥ፣ በጠቡ የሌሉበትን ሰዎችም ከሒሳቡ ማስገባት ግዴታው ይመስለኛል። የጠላቱ ነዳጅ የእነርሱም እንጀራ ነውና።