ወለድ የለውም ማለት ዕዳ አይደለም ማለት አይደለም

ልጆቼ፣ ከመርሳ ገበያ መልስ «ከወለድ ነፃ ብድር አለ አሉ» ስትባባሉ እሰማለሁ። ደግ ነው። በእኛ ጊዜ እዚህ ሲሪንቃ ውስጥ ወለድ ሐራም ነው ብሎ ከባንክም ከብድርና ቁጠባ ተቋሙ ከአብቁተም የሚሸሽ ሰው ብዙ ነበር። ክፉ ቀን ሲመጣ ግን ያው ሰው አራጣ አበዳሪ ደጅ ይጠና ነበር። የስንቱ በሬ ተሸጠ፣ የስንቱ መሬት በወለድ አገድ ሄደ!

በሩ የተከፈተው በቅርቡ ነው። ብሔራዊ ባንክ በ2004 ዓ.ም. መመሪያ አወጣ፤ ባንኮች ከወለድ ነፃ መስኮት ከፈቱ፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ዘምዘም ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነ የመጀመሪያው ባንክ ሆኖ ሥራ ጀመረ። «ከወለድ ነፃ» የሚለውን ስም ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ አሠራሩን ጠይቁ እንጂ።

ሙራባሃ የሚሉት አለ። አንዳችሁ ሽንኩርት በመስኖ ሊያለማ ፓምፕ ፈለገ እንበል። ባንኩ ብር አያስጨብጠውም፤ ፓምፑን በ40,000 ብር ገዝቶ፣ ትርፉን በግልጽ ነግሮ በ46,000 በዱቤ ይሸጥለታል። ክፍያው ቢዘገይም 46,000ው አይወልድም። ይህ ንግድ ነው። ግን ሽንኩርቱ ረክሶ ማሳ ላይ ቢበሰብስም 46,000ው ያው 46,000 ነው። «ኢስላማዊ ስለሆነ ይተውልኛል» ብሎ የሚፈርም ራሱን ያታልላል። የሐሰት ደረሰኝ አሠርቶ፣ ፓምፕ ሳይገዛ ብሩን የሚወስደውማ ስሙን ለወጠ እንጂ ወለድ ነው የበላው።

ሙዳራባ ሌላ ነው። የእኩል እርሻን ታውቃላችሁ፤ አንዱ መሬት፣ አንዱ ጉልበት። እዚህም አንዱ ገንዘብ ያወጣል፣ አንዱ ይሠራል፣ ትርፉን በተዋዋሉት ድርሻ ይካፈላሉ። ሠሪው ሳያጠፋ ቢከስር ገንዘቡ ከባለገንዘቡ ይጎድላል፣ ሠሪው ድካሙን ያጣል። እኔን ብትጠይቁኝ ለድሃ የሚበጀው ይህ ነበር። ባንክ ግን ሙራባሃውን ይወዳል፤ ለምን እንደሆነ ነጋዴ ሁሉ ይገባዋል።

ቀርድ ደግሞ ያበደሩትን ያህል ብቻ መቀበል ነው። የሰሜኑ ጦርነት ወልድያና መርሳ ደርሶ ባንክ በተዘጋ ጊዜ፣ በ2014 መባቻ፣ ጎረቤት ከጎረቤት ማሽላ ተበድሮ ማሽላ ሲመልስ ሌላ ምን እየሠራ ነበር? ፓኪስታን ውስጥ አኹዋት የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2001 ባሏ ለሞተባት ሴት 10,000 ሩፒ አበድሮ ጀመረ፤ ዛሬ በመስጊድም በቤተ ክርስቲያንም ሕዝብ ፊት ያበድራል። የሰጠው ያያል፣ የተቀበለው ይታያል፤ ይሉኝታው ከመያዣ ይበልጣል። የእኛ እድር፣ ቅሬያችን፣ ምን ጎደለው? እስላሙም ክርስቲያኑም አብሮ ይቀብርበታል፤ መዝገብ አለው፣ ሰብሳቢ አለው፣ የሰውንም አመል ያውቃል። ከመዋጮው ጥቂት ለይቶ ዶሮ ለምታረባ፣ እንጀራ ለምትሸጥ ሴት ቢያበድር ማን ይከለክለዋል?

እናንተ ግን ስትበደሩ አጻፉ። «ወንድሜ ነው፣ ምን ወረቀት ያሻል» የሚለው ነው ወንድማማች ያጣላው፤ ቁርኣኑም ዕዳን በምስክር ጻፉ ይላል። የሚታይ ነገር ግዙበት፤ በግ፣ ፓምፕ፣ የልብስ ስፌት መኪና። የማሽላ ዘር ከሆነ የግብርና ምርምር ማዕከሉ እዚሁ ደጃችን ነው፤ ለዝናባችን የቱ እንደሚሻል ሳትጠይቁ ዘር በብድር አትግዙ። በጅቡቲ አድርጎ ሳዑዲ ለሚልክ ደላላ አትበደሩ፤ ልጁ መንገድ ላይ ሲቀር ዕዳውን የምትከፍለው እናት ናት።

መክፈል ቢያቅታችሁ ቀኑ ሳይደርስ ሄዳችሁ ተናገሩ። ለተቸገረ ባለዕዳ እስኪደላው ጊዜ መስጠት በእምነታችን የአበዳሪው ግዴታ ነው። ስልኩን ዘግቶ ወልድያ የሚደበቀው ግን ወረፋ ስትጠብቅ የነበረችውን ሴት ብድር ይዞባት ነው የጠፋው።