ጠያቂው ማን ነው?

በቋንቋችን «መጠየቅ» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ያመለክታል። አንደኛው ያላወቁትን ለማወቅ ጥያቄ ማቅረብ ነው፤ ሁለተኛው ወደ ታመመ ወይም ወዳዘነ ሰው ቤት ሄዶ «እንደምን ዋልህ፣ ምን ይሰማሃል» ማለት ነው። «በሽተኛ ልጠይቅ ነው» ያለ ሰው ሁለቱንም ማለቱ ነው፤ በእግሩ ይሄዳል፣ በአፉም ይጠይቃል። በዚህ ልማድ ውስጥ ማንም ሳይጽፈው ሁሉ የሚያከብረው አንድ ሕግ አለ፤ ይኸውም ጠያቂው ጤነኛው፣ ተጠያቂው ሕመምተኛው መሆኑ ነው። ጤነኛው ጉልበት ስላለው የመንገዱን ድካም እርሱ ይሸከማል፤ ሕመምተኛው ግን ባለበት ተኝቶ ይጠበቃል። ሕመምተኛው ተነሥቶ ጠያቂ ፍለጋ ይሂድ ቢባል ነገሩ የተገለበጠ በሆነ ነበር።

በ2012 ዓ.ም. የመጣው የኮሮና ወረርሽኝ ይህን ሕግ ፈተነው። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሕመምተኛ በአገራችን መገኘቱ ተነገረ፤ በዚያው ወር በ30ኛው ቀን የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። እጅ መጨባበጥ ተከለከለ፤ አራትና ከዚያ በላይ ሆኖ መሰብሰብም እንዲሁ። ስለዚህ ትናንት ደግነት የነበረው መቅረብ አደጋ፣ ትናንት ንፍገት የነበረው መራቅ ደግነት ሆነ። አያቶቻችን በ1911 ዓ.ም. «የኅዳር በሽታ» ያሉት የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ በወረደባቸው ጊዜ ብዙ መከራ አይተዋል፤ ራስ ተፈሪ እንኳ ታመው ድነዋል። በዚያን ጊዜ ግን ለአብዛኛው ሰው የነበረው ምርጫ ሁለት ብቻ ነበረ፤ ወይ ወደ ሕመምተኛው ገብቶ መታመም፣ ወይ ርቆ ዝም ማለት። በእኛ ዘመን ሦስተኛ ምርጫ ተገኘ፤ እርሱም ርቆ መነጋገር ነው።

በርቀት መታከም በወረርሽኙ የተጀመረ አይደለም። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ከህንድ አገር ሐኪሞች ጋር በመስመር ተገናኝቶ መመካከር የጀመረው በ1999 ዓ.ም. ነበር። ወረርሽኙ ያደረገው ነገር ቢኖር ለጥቂቶች የነበረውን ለብዙዎች ማዳረስ ነው። የኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት 8335 የተባለውን ነጻ የስልክ መስመር ለሕዝብ ከፈተ፤ ትኩሳትና ሳል የያዘው ሰው ከቤቱ ሳይወጣ ምክር ይጠይቅ ጀመር። የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች በስድስት ወር አንድ ጊዜ ብቻ መጥተው እንዲወስዱ ከወረርሽኙ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ የተጀመረው አሠራርም በዚያ ጊዜ ጥቅሙ ጐልቶ ታየ። በሌላው ዓለም የሆነው ደግሞ ከዚህ ይበልጣል። በእንግሊዝ አገር ከወረርሽኙ በፊት በየአካባቢው ሐኪም ዘንድ ከሚደረገው 10 ቀጠሮ 8 ያህሉ ፊት ለፊት የሚደረግ ነበረ፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ሚያዝያ ወር ወደ ግማሽ ግድም ወረደ። የዓለም ጤና ድርጅት ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜው ማብቃቱን ካስታወቀ በኋላም በስልክ መታከም አልቀረም። ችግር ያስተማረው ነገር ልማድ ሆነ።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ ሐኪም ሕመምተኛውን ሳያይና ሳይዳስስ የሚሰጠው እርዳታ ሕክምና ሊባል ይገባዋልን? አንዳንዶች ሕክምና ያለ እጅና ያለ ዓይን ከንቱ ነው ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ዋናው ምክሩ መድረሱ ነው፤ መንገዱ ምንም ይሁን ምን ይላሉ። የማረቆ ከተማ የሆነችው ቆሼ ለዚህ ክርክር መልስ የሚሆን ምሳሌ አላት። የማረቆ በርበሬ በአገሩ ሁሉ ስሙ የታወቀ ነው። ገበሬው የበርበሬውን ዋጋ ዛሬ በእጅ ስልኩ ይጠይቃል፤ ለዚህ ብሎ አዲስ አበባ ድረስ መሄድ አያስፈልገውም። ነጋዴው ግን ጆንያውን ሳይፈታ፣ ዛላውን ሰብሮ ሳያይና ሳያሸት ገንዘቡን አይቈጥርም። ለዓመታት የሚያውቀው ደንበኛ ከሆነ ግን በስልክ ቃል ብቻ ይዋዋላል። እንግዲያስ ስልክ አስቀድሞ የታወቀውን ነገር ለመቀጠል መልካም መሣሪያ ነው፤ ያልታወቀውን ለማወቅ ግን እጅና ዓይን ያስፈልጋል። የደም ግፊቱ ታውቆ መድኃኒት የታዘዘለት ሰው በስልክ ቢጠየቅ የመኪና ኪራይና የሥራ ቀን ይተርፍለታል፤ ሆዱን የሚያመውና ምክንያቱ ያልታወቀለት ሰው ግን ሊዳሰስ ይገባዋል። ይህን ለመለየት ረጅም ክርክር አያሻም።

የሚከብደው ነገር ሌላ ነው። በስልክ ሕክምና ጊዜ ጠያቂው ማን ይሆናል? መስመሩ ተዘርግቷል፤ ሐኪሙ በዚያኛው ጫፍ ተቀምጧል፤ መደወል የሚገባው ግን ሕመምተኛው ነው። ስለዚህ ጥንት የነበረው ሥርዓት ተገለበጠ፤ ሕመምተኛው ጠያቂ፣ ጤነኛው ተጠያቂ ሆነ። በመሥሪያ ቤት ቋንቋ ብንናገር፣ ሕመምተኛው ባለጉዳይ ሆኖ ደጅ ይጠና ጀመር ማለት ነው። ደጁ በስልክ መሆኑ ደጅ ጥናቱን አላስቀረውም።

ደጅ ለመጥናት ደግሞ ሁሉ እኩል አይደለም። በ2008 ዓ.ም. የተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት እንዳመለከተው የእጅ ስልክ ያላቸው ሴቶች በመጠን ከወንዶቹ ግማሽ ያህል ብቻ ነበሩ። ስልኩ በባሏ ኪስ ውስጥ የዋለባት ነፍሰ ጡር፣ ምጧ ቢመጣ ለማን ትደውላለች? ሕመሙን በማረቆኛ እንጂ በአማርኛ ዘርዝሮ ሊናገር የማይችለው አዛውንት፣ መስመሩን የሚያነሣው ሰው ቋንቋውን ካላወቀ ምን ይጠቅመዋል? ከሁሉም ይልቅ መታመሙን ራሱ የማያውቀው ሰው አለ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ሳይደብቀው፣ የሚጠይቀው አጥቶ ብቻ በሽታው ተደብቆ የቀረበት ሰው ጥፋቱ ምኑ ላይ ነው?

ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከቆሼ ብዙም በማትርቀው በቡታጅራ አካባቢ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ የኡሜዎ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ከ1979 ዓ.ም. ግድም ጀምሮ የሕዝቡን ጤና በየቤቱ እየዞረ ሲከታተል ኖሯል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይም ከ68,000 የሚበልጡ ሰዎች ስለ ከባድ የአእምሮ ሕመም ተጠየቁ። በዚያ ጊዜ ከተገኙት ሕመምተኞች አብዛኞቹ ከዚያ በፊት ዘመናዊ ሕክምና ያላገኙ ነበሩ። እነዚህ ሰዎች በራቸው ተንኳኩቶ ባይጠየቁ ኖሮ፣ ነጻ የስልክ መስመር በየቀዬው ቢዘረጋ ኖሮ እንኳ፣ ደውለው ያሳውቁ ነበር ብሎ የሚያምን ማን ነው? የታወቁት ስለ ጠየቁ ሳይሆን ስለ ተጠየቁ ነው።

በዚህ ላይ የሚነሣውን ተቃውሞ ማቃለል አይገባም። አገራችን ሰፊ ናት፤ ሐኪሞቿ ጥቂቶች ናቸው፤ የሁሉን በር ማንኳኳት እንዴት ይቻላል? ስልክ ጊዜና ገንዘብ የሚያድን መሣሪያ ከሆነ ለምን እንነቅፈዋለን? ይህ ተቃውሞ ትክክለኛ ነው፤ ስለዚህም ስልኩን ልንነቅፈው አይገባንም። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ይከተላል፤ ስልኩ ያተረፈው ጊዜ የማን ነው? ሐኪሙ ወይም ነርሷ ቀድሞ ግማሽ ቀን የሚፈጀውን ሥራ በስልክ በአንድ ሰዓት ከጨረሱ፣ የቀረው ሰዓት የመሥሪያ ቤቱ አይደለም፤ የእነርሱም አይደለም። የተረፈው ሰዓት ያልደወለው ሰው ገንዘብ ነው። ያንን ሰዓት ለሌላ ያዋለ ሰው ስልኩን ለቅርበት ሳይሆን ለመራቂያ ተጠቅሞበታል፤ በወረርሽኙ ጊዜ በግድ የሆነውን መራቅ በሰላም ጊዜ በውድ አድርጎታል።

ይህን ዕዳ የሚከፍል መንገድ ደግሞ በአገራችን አለ። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እንዲመደቡ ተደርጓል፤ ሥራቸውም በጤና ኬላ መቀመጥ ብቻ ሳይሆን ከቤት ቤት እየዞሩ ማስተማርና መጠየቅ ነው። ስልክ በእነዚህ እኅቶች እጅ ሲገባ ነገሩ ወደ ቀድሞ ሥርዓቱ ይመለሳል። ሠራተኛዋ በሕመምተኛው ደጃፍ ቆማ፣ በቋንቋው አነጋግራ፣ ያልገባትን ነገር ከጤና ጣቢያው ሐኪም በስልክ ትጠይቃለች። በዚህ ጊዜ እግሩም አለ፣ ቃሉም አለ፣ ሽቦውም አለ። የመንገዱን ድካም የተሸከመው ደግሞ እንደ ጥንቱ ጤነኛው ነው።

ይህ ነገር የሐኪሞች ብቻ እንዳይመስለን። በየመሥሪያ ቤቱ ያለን ሠራተኞች በወሩ መጨረሻ ይህን ያህል ስልክ ተቀበልን፣ ይህን ያህል ባለጉዳይ አስተናገድን ብለን ሪፖርት እንጽፋለን። ቁጥሩ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን የሚቈጥረው መጠየቅ የቻሉትን ብቻ ነው። መምህሩም እጁን ያወጣውን ተማሪ ብቻ እየመለሰ ክፍሉ ገብቶታል ብሎ ሊሄድ ይችላል። ዝምታ ግን የጤንነት ምልክት አይደለም፤ የመግባትም ምልክት አይደለም። ከቀበሌዎቹ መካከል አንዲቱ በወር ውስጥ አንድም ጊዜ ሳትደውል ብትቀር፣ ምስጉኑ ሹም ደስ የሚለው ሳይሆን ተነሥቶ ሊያያት የሚሄደው ነው። ሽቦው የተዘረጋው እኛ እንድንጠየቅ ብቻ አይደለምና፤ እኛም እንድንጠይቅ ነው።