የመስተንግዶ ዋጋ

እቴጌ ጣይቱ በ1890ዎቹ ማብቂያ በአዲስ አበባ ሆቴል ባቋቋሙ ጊዜ፣ በመኳንንቱ ዘንድ ለምግብ ገንዘብ መክፈል እንደ ነውር ይታይ ነበር። ሆቴል ቸርነትን ገደለ የሚለው ወቀሳ ዛሬም አልጠፋም። ግን የሞተው የማን ቸርነት ነው?

የከፋን ታሪክ ያስተዋለ ወቀሳውን በቀላሉ አይቀበልም። የከፋ መንግሥት በጥልቅ ቦይና በኬላ የታጠረ ነበር፤ የሩቅ ነጋዴ ቦንጋ ያርፋል እንጂ እንዳሻው አይዘዋወርም። እንግዳውን የሚያስገባው ባለአገሩ ነበር። በ1890 ዓ.ም. መባቻ ንጉሡ ጋኪ ሸሮቾ ተማርከው አገሩ ሲያዝ ግን በሩ ከውጭ ተከፈተ። ገባር የሆነው ገበሬ ለወታደሩ እህል ሰፈረ፣ እንጨት ተሸከመ፤ ሚስቱም ፈጨች። በሌላውም የአገራችን ክፍል ባለፈቃድ መንገደኛ ሲያልፍ ድርጎ ማቅረብ የባላገሩ ዕዳ ነበር። መንገደኛው በልቶ ሲነሣ ያመሰገነው ሹሙን ነው፤ የተራቆተው ግን የገበሬው ጎተራ!

እምቢ ማለት የተከለከለ ሰው የሰጠው ሁሉ ግብር እንጂ ቸርነት አይባልም። የሆቴል ውል በእርግጥ ቀዝቃዛ ነው፤ ሆኖም እንግዳው የበላበትን ከራሱ ኪስ ያወጣል፣ ባላገሩም በግድ አይመግበውም። ከዚህ አልፎ ሆቴልን የፍትሕ ቤት ማድረግ ደግሞ ስሕተት ይሆናል። የወጥ ሠሪዋና የአልጋ አንጣፊዋ ድርሻ ለእንግዳው በሚቀርበው ሒሳብ ላይ አይጻፍም።