ብርቱካናማው ካርድ

በእንግሊዝ ሁለት ዓይነት ሰዎች የአካባቢ አውቶቡስ በነጻ ይሳፈራሉ፤ ለጡረታ ዕድሜ የደረሱ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች። ካርዳቸው በአንድ ሕግ የሚሰጥ፣ በአንድ ማሽን የሚነበብ ነው። በዓይን የሚለየው በጠርዙ ላይ ያለው መስመር ነው፤ የአረጋውያኑ ሰማያዊ፣ የአካል ጉዳተኞቹ ብርቱካናማ። ካርዱን ለማግኘት የሚኬደው መንገድ ግን ለየቅል ነው። አረጋዊው የልደት ቀኑን ያሳያል፤ አለቀ። በየማለዳው የሚሮጥ ይሁን፣ ደጁ ላይ ሁለት መኪና ያቆመ ይሁን የሚጠይቀው የለም። አካል ጉዳተኛው ግን ምስክር መቁጠር አለበት።

ዕድሜ በአንዲት ቀን ሲታመን፣ ጉዳት ለምን ምስክር ይቆጠርበታል?

የተለመደው መልስ «ዕድሜ አይዋሽም» የሚል ነው። እኛ ይህን ስንሰማ ፈገግ ማለታችን አይቀርም። በስደት ከመጡት ወገኖቻችን ስንቱ በወረቀት በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 1 ቀን የተወለደ ነው! የልደቱን ቀን የማያውቅ ሰው ሲቀርብ መዝጋቢው ያችን ቀን ይሞላለታል። በዘመን አቆጣጠራችን ልዩነት ዕድሜ የተጨመረላቸውም የተቀነሰባቸውም አሉ። ወረቀቱ ይህን ያህል ሲወላገድ እንኳ ለአረጋዊው ካርድ ሲሰጥ የሚጠረጥር አይታይም። ስለዚህ ነገሩ ከማስረጃው ጥራት የመጣ አይመስለኝም።

እንደሚመስለኝ ከሆነ እርጅናን ሁሉም ይመኘዋል። ለሽማግሌ ነጻ ካርድ ይሰጥ ሲባል እሺ የሚል ግብር ከፋይ ለነገው ራሱም እያሰበ ነው። አካል ጉዳተኛ እሆናለሁ ብሎ የሚያቅድ ግን የለም። እኔም እደርስበታለሁ የምንለውን መብት እንለዋለን፤ አያገኘኝም የምንለው ሲሆን ምጽዋት ይመስለናል። ምጽዋት ሰጪ ደግሞ የተቀባዩን ችግር ማየት ይፈልጋል። በቤተ ክርስቲያን ደጅ ነጠላውን ገልጦ ቁስሉን የሚያሳየው ነዳይ ይህን ማንም ሳያስተምረው ያውቀዋል።

አሜሪካዊቷ የፖለቲካ ምሁር ዴቦራ ስቶን እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመችው መጽሐፍ የነገሩን ሥር ፈልጋለች። መንግሥት ሠርቶ መብላት ያለበትንና በችግሩ ምክንያት የሚረዳውን መለየት ነበረበት፤ «አካል ጉዳተኛ» የሚባለው መደብ የተቀረጸውም አስመሳይ ይገባብናል ከሚለው ፍርሃት ጋር ነው ትላለች። ሐኪሙ በር ላይ የቆመውም ለዚህ ነው፤ ሕመምተኛው ከሚናገረው ይልቅ ሐኪሙ ያየው ይታመናል።

ለካርዱ መሠረት የሆነው የ2000 የትራንስፖርት ሕግ ሰባት ዓይነት ሰዎችን ይዘረዝራል። ስድስቱ የሚጠበቁ ናቸው፤ የማየት፣ የመስማት፣ የመናገር፣ የመራመድ፣ የሁለት ክንድና የአእምሮ ዕድገት ጉዳት። ሰባተኛው ግን ሌላ ነገር ነው፤ መንጃ ፈቃድ ቢያመለክት በጤናው ምክንያት የሚከለከል ሰው ይላል። (በመጠጥና በአደንዛዥ ዕፅ ምክንያት የሚከለከለውን አይጨምርም።) ከዝርዝሩ ሁሉ ፍትሐዊው ይኸኛው ነው ባይ ነኝ። ስድስቱ «ምን ጎደለህ?» ሲሉ፣ ሰባተኛው «እኔ ምን ከለከልኩህ?» ይላል። አትንዳ ያለው መንግሥት ነው፤ እንግዲያስ አውቶቡሱ የእሱ ዕዳ ነው።

አንዲት የማውቃት ሴት የምትገባው በዚህ በር ነው። የሚጥል በሽታ አለባት። አገር ቤት ሳለች ስትወድቅ ክብሪት ጭረው ያሸትቷት ነበር፤ ሰው ግን ሊነካት ይፈራል። ስለዚህ መደበቅን ከልጅነቷ ተምራለች፤ ሊመጣባት ሲል ታውቀዋለች፣ ሰበብ ፈጥራ ከሰው መሐል ትወጣለች። በእንግሊዝ ደንብ ነቅቶ ሳለ የጣለው ሰው፣ ሳይጥለው 12 ወር እስኪሞላው መኪና አይነዳም። ካርዱን ለማግኘት ዕድሜዋን ሙሉ የሸፈነችውን ጉዳይ በሐኪም ደብዳቤ ዘርዝራ ማቅረብ ነበረባት፤ ሐኪሙም ለእንዲህ ያለው ደብዳቤ ማስከፈል ይችላል። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆናታን ዎልፍ በ1998 ባወጣው ጽሑፍ የተቸው ይህንኑ ነው፤ እርዳታ ለማግኘት ሲባል ሰውን ስለ ራሱ የሚያሳፍረውን እንዲናገር ማስገደድ፣ ክፍፍሉ ፍትሐዊ ቢሆን እንኳ፣ ክብሩን ይነካል ይላል። በእሷ ላይ የደረሰው ከዚህም ይብሳል። ሕመሟን መደበቅ መቻሏ የኑሮ ብልሃቷ ነበር፤ በማመልከቻው ፊት ግን ይኸው ብልሃት ጤነኛ አስመስሎ ይመሰክርባታል።

ካርዱ ከመጣ በኋላ አንድ ቀን አውቶቡስ ስትሳፈር በቤተ ክርስቲያን የሚያውቋት እናት ከኋላዋ ነበሩ። «ልጄ፣ ምነው? ምን አገኘሽ?» አሏት ዓይናቸውን ብርቱካናማው መስመር ላይ ጥለው። «ምንም አይደል እማማ፣ ከመሥሪያ ቤት የሰጡኝ ነው» አለች። ለመንግሥት እውነቱን የተናገረችበት ወረቀት ለእኚያ እናት አስዋሻት።

ሌላም አለ። ሕጉ በሥራ ቀን ነጻ የሚያደርገው ከጠዋቱ 3:30 እስከ ሌሊቱ 5:00 ሰዓት ያለውን ጉዞ ነው። አንዳንድ ማዘጋጃ ቤቶች ከዚያ ቀደም ብሎም ይፈቅዳሉ፤ የእሷ አይፈቅድም። የምትሠራው ቢሮ ማጽዳት ስለሆነ ጎሕ ሳይቀድ ትወጣለች፤ ሙሉ ዋጋ ትከፍላለች። ሰዓቱን ያወጣው ሰው በማለዳ ሥራ የሚገባ አካል ጉዳተኛ የታየው አይመስልም።

ታዲያ ማስረጃ ይቅር? ደፍሬ እንዲህ ማለት አልችልም። ነጻ የሚባለው ጉዞ ለአንድ ሰው ሒሳብ ነው፤ ሕጉ የአውቶቡስ ድርጅቱ በነጻ ተሳፋሪ ምክንያት እንዳይከስር፣ እንዳያተርፍም ስለሚል ማዘጋጃ ቤቱ ይከፍልለታል። በሩ ወለል ብሎ ቢከፈትና ገንዘቡ ቢያጥር በመጀመሪያ የሚቋረጠው ሰው የማይበዛበት መስመር ነው፤ ያ ደግሞ መኪና መንዳት ለማይችል ሰው የባሰ ነው። ድንበር ያስፈልጋል።

ድንበሩ ግን ከሰውየው ሰውነት የተገኘ እውነት ነው ብለን ራሳችንን አናታልል። በጀርመን ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል በግማሽ ሰዓት ገደማ ያለ ብዙ ችግር መሄድ የማይችል ሰው መታወቂያው ላይ «ጂ» የሚል ምልክት ሊያገኝ ይችላል፤ ምልክቱም የዓመት ቴምብር ገዝቶ በአካባቢ ትራንስፖርት ያለ ተጨማሪ ክፍያ ያስኬደዋል። በእንግሊዝ ካርዱን ያለ ሌላ ምርመራ ከሚያስገኙት መንገዶች አንዱ ፒፕ የሚባለው ድጎማ ውሳኔ ሲሆን፣ ለመንቀሳቀስ 8 ነጥብ ይጠይቃል፤ ነጥቡ የሚገኘው ከ50 ሜትር በላይ መሄድ ለማይችል ነው። እዚያ ኪሎ ሜትር፣ እዚህ ሜትር። አንዱ እግር ሐምቡርግ ላይ ምልክት ሊያሰጥ፣ ማንቸስተር ላይ ነጥብ ሊያጣ ይችላል። ወሰኑን የሠራነው እኛ ነን፤ እኛው ከሠራነው ደግሞ ሰውን በማያሳፍር መንገድ ልንሠራው እንችላለን።

ከፒፕ ውሳኔ የምወደው ነገር ይኸው ነው፤ አንድ ቢሮ ያጣራውን ሌላው ይቀበላል፣ ሰውየው ታሪኩን ደግሞ አይተርክም። የመንጃ ፈቃድ ክልከላም እንደዚሁ ሊሆን ይችላል፤ ከልካዩ መሥሪያ ቤት የክልከላውን ደብዳቤ ሲልክ ለካርዱ የሚበቃ ማረጋገጫ አብሮ ቢልክ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ምክንያቱን ሳያይ ካርዱን መስጠት ይችላል።

ብርቱካናማው መስመርም ቢቀር ምንም አይጎድልም። ካርዱ ውስጥ ቺፕ አለ፤ ማን በስንት ሰዓት እንደሚፈቀድለት ማሽኑ ማንበብ ይችላል። ሹፌሩ ማወቅ ያለበት ካርዱ መሥራቱንና ፎቶግራፉ የያዡ መሆኑን ነው። ቀለሙ ሁሉም ሰማያዊ ይሁን።