«ያመኛል» ማለት ሶብርን ያፈርሳልን?



ዛሬ አንድ ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ። አንድ ሙስሊም እንቅልፍ አጥቶ፣ ምግብ አልዋጥ ብሎት፣ ሌሊት እየባነነ ሲሰቃይ ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያ ሄዶ የሆዱን ቢያወጣ ሶብሩ ጎደለ፣ ኢማኑ ደከመ ይባላልን? በአፋችን «አይባልም» እንላለን። የራሳችን ልጅ ወይም ወንድም ሲሆን ግን «ሰው እንዳይሰማ» ብለን እናፍነዋለን።

ለእኛ አሶሳ ለምንኖር ይህ የወረቀት ላይ ጥያቄ አይደለም። በከተማዋ ዙሪያ ባሉት የሰፈራ መንደሮች ከ1977ቱ ድርቅ ተርፈው ከወሎ የመጡ፣ ያን ዘመን ሲያነሡ ዛሬም ድምፃቸው የሚሰበር እናቶችና አባቶች አሉ። ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም በመተከል ዞን፣ ቡለን ወረዳ፣ በኩጂ ላይ በአንድ ቀን ከ100 በላይ ሰዎች ተገድለዋል። በመተከልም በካማሺም ብዙ ሺህ ሰው ቤቱን ጥሎ ሸሽቷል። በሚያዝያ 2015 የሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ደግሞ በኩርሙክ በኩል ድንበር ተሻግረው በኡራ የተጠለሉ ቤተሰቦች አሉ። ከእነዚህ ሰዎች ጋር ትከሻ ለትከሻ ሶፍ እንቆማለን። ኢማሙ ተክቢራ ሲሉ አጠገባችሁ የቆመው ሰው በጆሮው ሌላ ምን እየሰማ እንደሆነ አታውቁም።

ሰው ሲሞትብን እንዴት እንደምንሆን ታውቃላችሁ። ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ቡና ይፈላል፣ ዱዓ ይደረጋል፣ «አላህ ሶብሩን ይስጥህ» ይባላል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ በገንዘብ አይገዛም። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። ሁሉም ወደየሥራው ይሄዳል፤ ሐዘንተኛው በሦስተኛው ወር «አሁንም አልተወኝም» ብሎ ቢጀምር «ሶብር አድርግ እንጂ!» እንለዋለን። ቃሉ ያው ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ማጽናኛ ነበር፣ አሁን አፍ መዝጊያ ሆነ። ሰውየውም ዝም ይላል፤ ዝም ሲል ዳነ ብለን እናስባለን።

«ያዕቁብ (ዐ.ሰ) ስሞታቸውን ለአላህ እንጂ ለሰው አላቀረቡም» የሚለኝ ይኖራል። እውነት ነው። ግን ሱረቱ ዩሱፍን ቀጥለን እናንብብ። ያዕቁብ ነቢይ ሆነው ሳለ ዓይናቸው ብርሃኑን እስኪያጣ አዝነዋል፤ አላህም ይህን ሲነግረን ኢማናቸውን አልነቀፈም። ደግሞ ስሞታቸውን ወደ አላህ ካደረሱ በኋላ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ተስፋ ሳይቆርጡ ዩሱፍንና ወንድሙን እንዲያፈላልጉ ልጆቻቸውን ላኩ። ልመናው ወደ አላህ ነበር፣ ፍለጋው ግን በሰው እግር።

ኢማሙ ቡኻሪም ስለ ሕመምተኞች በጻፉት ክፍል፣ ታማሚ ሕመሙን መናገር እንደሚፈቀድለት የሚያሳይ ራሱን የቻለ ርዕስ አላቸው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ራስ ምታታቸውን ለዓኢሻ (ረ.ዐ) መናገራቸው እዚያ ተዘግቧል። ዑለማዎች የሚለዩት ይህን ነው፤ በአላህ ውሳኔ ለማማረር መናገር ሌላ፣ መድኃኒት ፍለጋ መናገር ሌላ። ጥርሱን ያመመው ሰው «የቱ ጋ ነው?» ሲባል በጣቱ ያሳያል፤ ሶብር አጣ የሚለው የለም።

ዓኢሻ (ረ.ዐ) ከቤተሰባቸው ሰው ሲሞት ተልቢና የሚባል ቀጭን ሙቅ ያሠሩ ነበር። የታማሚን ልብ እንደሚያሳርፍና ከሐዘኑም የተወሰነውን እንደሚያነሣ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰምተዋልና። ልብ በሉ፣ ሁሉንም አይደለም፣ የተወሰነውን። ለሐዘን ከዱዓ ጎን በእጅ የሚሠራ ነገር አለ ማለት ነው።

ታዲያ ባለሙያው ከእናትና ከጓደኛ በምን ይለያል? አንደኛ፣ የሚወዱን ሰዎች አብረውን ይታመማሉ። እናታችሁ ፊት ያያችሁትን ሁሉ መዘርዘር አትችሉም፤ እሷን ለማዳን ስትሉ ግማሹን ትውጡታላችሁ። ባለሙያው ፊት ግን ማንንም መጠበቅ የለባችሁም። ሁለተኛ፣ ሥራውን ተምሮታል። ግድያ ያየ ሰው ያን መንገድ፣ ያን ገበያ፣ ያን ድምፅ ይሸሻል። መሸሹ ለዛሬ ያሳርፈዋል፣ ፍርሃቱን ግን ያሳድገዋል። ባለሙያው በሰውየው ዐቅም፣ ቀስ በቀስ፣ የሆነውን እንዲናገርና የሸሸውን እንዲጠጋ ይረዳዋል፤ ያለፈው ነገር ያለፈ ሆኖ እስኪታወስ ድረስ። መከራ ያየ ሁሉ ይህ ያስፈልገዋል አልልም። ብዙው ሰው በወገኑ መሐል ሆኖ በጊዜ ይጽናናል። ወራት አልፈው መሥራት፣ መብላት፣ መተኛት ያቃተው ግን ሊታይ ይገባል።

ሌላው ምሳሌ ከመስጊዳችን ቧንቧ አጠገብ የሚታይ ነው። ውዱእ እያደረገ «እጄ በደንብ ታጠበ?» እያለ ሦስቴ፣ ሰባቴ የሚመላለስ ወንድም አይታችሁ ይሆናል። እሱ ሲጨርስ ጀማዓው አልፎታል፤ እኛም እንስቅበታለን፣ ወይም «ጥንቁቅ ነው» ብለን እናደንቀዋለን። ዑለማዎች ለወስዋስ ቦታ አትስጡት፣ እርግጡን በጥርጣሬ አትለውጡት ይላሉ። እሱም ይህን ከእኛ በላይ ያውቀዋል! የጎደለው የሚያለማምደው ሰው ነው። ባለሙያው ያንኑ ምክር ወደ ልምምድ ይለውጠዋል፤ ጥርጣሬው እያለ አንዴ ብቻ ታጥቦ ወደ ሶላት መግባት፣ ጭንቀቱ ወጥቶ በራሱ እስኪወርድ መታገስ፣ ነገም እንደዚያው ማድረግ። ሶብር የሚጠይቅ ሥራ ካለ ይኸው ነው።

ይህን ሁሉ «የፈረንጅ ነገር» የሚሉ አሉ። በ934 እ.ኤ.አ. ያረፉት አቡ ዘይድ አል-በልኺ ስለ አካልና ስለ ነፍስ ጤና በጻፉት መጽሐፍ ቁጣን፣ ፍርሃትን፣ ሐዘንንና ወስዋስን አንድ በአንድ አንሥተዋል። ሐኪሞች ገላን ብቻ እያዩ ነፍስን መዘንጋታቸውንም ተችተዋል። ሰው ራሱን በሐሳቡ ሊያክም እንደሚችል፣ ከውጭ የሚመክረው ሰው ቃልም እንደሚያሻው ጽፈዋል። ከ1,000 ዓመት በላይ ሆነው!

ሩቅያስ? ሩቅያ ይደረግ፤ ቁርኣን ሺፋ ነው። ሩቅያና ሕክምና ግን ጣውንት አይደሉም። «ጂን ነው» ተብሎ ታማሚ የሚደበደብበት፣ የሚታሰርበት ቦታ ካያችሁ ግን ዝም አትበሉ።

አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ለረጅም ዘመን በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ስለነበር ስሙ ራሱ መሳደቢያ ሆኖ ቀርቷል። እዚህ አሶሳ ደግሞ ሁሉም ይተዋወቃል፤ «ማን አየኝ?» የሚለው ፍርሃት ከሕመሙ አይተናነስም። የባለሙያው ክፍል ውስጥ የተነገረ ግን አማና ነው። የሕይወት አደጋ ካልመጣ በስተቀር ወደ ውጭ አይወጣም። ካልተስማማችሁ ባለሙያ መቀየርም ትችላላችሁ፤ አንዱ ኢንጄክሽን አልጠቀመኝም ብሎ ሕክምና የተወ የለም።

መድኃኒት የሚያዝዘው የሥነ አእምሮ ሐኪም ነው፤ የሥነ ልቦና ባለሙያው ሥራ ንግግርና ልምምድ ነው። አንዳንዱ ሰው ሁለቱም ያስፈልጉታል። ማንን እንደምትጠይቁ ካላወቃችሁ ከጤና ጣቢያ ጀምሩ። «ራሴን ያመኛል፣ ልቤን ያቃጥለኛል» ብቻ ብላችሁ አትመለሱ፤ እንቅልፍ ማጣታችሁንና የሚያስፈራችሁን ነገር ጨምራችሁ ንገሯቸው። ራሱን ለማጥፋት የሚያስብ ሰው ካለ ቀጠሮ አይጠበቅም። ብቻውን አትተዉት፣ ዛሬውኑ ወደ ሆስፒታል አብራችሁት ሂዱ።

ኢማሞቻችንንም አንድ ነገር ልለምን። አንድ ሰው ከጁሙዓ በኋላ ሁሉም ጫማውን አጥልቆ ሲወጣ ወደ ኋላ ቀርቶ «ሸይኽ፣ እንቅልፍ አጣሁ» ብሎ ቢቀርባችሁ፣ ዱዓ አድርጉለትና «ሰኞ ጠዋት ጤና ጣቢያ አብሬህ ልሂድ?» በሉት።