የእግር መንገድና የሕሊና መንገድ

እንግሊዞች ሳይቸኩልና ጉዳይ ሳይዝ፣ እግሩ ወደ መራው የሚንሸራሸረውን ሰው አካሄድ «ሶንተር» ይሉታል። አሜሪካዊው ደራሲ ሄንሪ ዴቪድ ቶሮ ስለዚህ ቃል አመጣጥ ሲናገር፣ በመካከለኛው ዘመን ወደ ኢየሩሳሌም እንሳለማለን እያሉ በየአገሩ ምጽዋት ከሚለምኑ መንገደኞች የመጣ ነው፣ ቃሉም በፈረንሳይኛ ቅድስት ምድር ከሚለው ሐረግ የተወሰደ ነው የሚለውን፣ ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1755 ባሳተመው መዝገበ ቃላት የሚገኘውን ትርጓሜ ወድዶ ተቀብሏል። የዛሬ የቋንቋ ሊቃውንት ግን ይህን ይጠራጠራሉ፤ የቃሉ ሥር በእርግጥ ባይታወቅም፣ በ15ኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝኛ በተመስጦ ማሰብ ማለት እንደ ነበረ ያመለክታሉ።

የትርጓሜው ክርክር ለሊቃውንቱ ይሁንና፣ ለእኛ የሚቀረው ጥያቄ፣ የሚደርስበትን ሳይወስን የሚሄድ ሰው ሥራ ፈት ነው ወይስ ተሳላሚ የሚለው ነው።

ቶሮ በተወለደባት በኮንኮርድ ከተማ ዙሪያ በየቀኑ ቢያንስ አራት ሰዓት ያህል በዱርና በኮረብታ ካልተዘዋወረ የሥጋም የመንፈስም ጤና እንደማይኖረው ጽፏል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1862፣ እርሱ ባረፈ በወሩ በታተመው ድርሰቱ ውስጥ፣ አንድ ማይል ያህል ወደ ጫካ ከዘለቀ በኋላ ሥጋው ብቻ ገብቶ ሕሊናው በመንደሩ ጉዳይ ተይዞ መቅረቱን ሲያስተውል እንደሚደነግጥ ይናገራል። እንግዲህ የቀስታ አካሄድን ከሥራ ፈትነት የሚለየው ይህ የሕሊና ንቃት ነው።

በኦሪት ዘፍጥረትም የአብርሃም ሎሌ ለጌታው ልጅ ለይስሐቅ ሚስት ሊያጭ ወደ መስጴጦምያ በተላከ ጊዜ፣ ይስሐቅ በማታ በልቡ እያሰላሰለ ወደ ሜዳ መውጣቱና፣ ዓይኑን አንሥቶ ቢመለከት ርብቃን የያዙት ግመሎች ሲመጡ ማየቱ ተጽፏል። ሎሌው ሩቅ አገር ደርሶ ተመለሰ፤ ይስሐቅ ከሜዳው አልራቀም፤ ሆኖም ሁለቱም በጸሎትና በማስተዋል ስለ ሄዱ መንገዳቸው ተባርኳል። በአንጻሩ እስከ ጎልጎታ ወርዶ ልቡን በገበያ የተወ ሰው፣ እግሩ ቢደርስም ነፍሱ ገና አልተሳለመችም።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ከሥራህ በኋላ ለመንሸራሸር በወጣህ ጊዜ፣ የዕለቱን ሒሳብና ሙግት ከደጅህ ትተህ ውጣ፤ የፈጣሪን ሥራ እያስተዋልህ የምትሄድባት ምድር ሁሉ ለአንተ ቅድስት ናትና።