በጌታ ማዕድ ዙሪያ እንጠባበቅ



ባለፈው የጌታን እራት በወሰድንበት እሁድ አንዲት እህታችን እየሮጠች መጣች። የማዳሟ እንግዶች ምሳ በልተው እስኪሄዱ፣ ሰሃኑን ሁሉ አጥባ እስክትጨርስ መውጣት አልቻለችም። በሩ ላይ ስትደርስ እኔ ባዶዎቹን ብርጭቆዎች እየሰበሰብኩ ነበር። ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠችና፣ «እዚያ ቤት ሁሌም ሰው ከበላ በኋላ ነው የምበላው። እዚህ እንኳን አብሬያችሁ እበላለሁ ብዬ ነበር» አለችኝ። ይህ ንግግሯ እስካሁን ከልቤ አልወጣም።

እስቲ 1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 11ን ከቁጥር 17 ጀምራችሁ አንብቡ። በቆሮንቶስም እንዲሁ ሆኖ ነበር። በዚያ ዘመን እሁድ የሥራ ቀን ነው፤ በሮም መንግሥት የዕረፍት ቀን የሆነው በ321 ዓ.ም. (እንደ ፈረንጆች) ነው። ያላቸው ሰዎች ቀድመው ይበላሉ፣ ይጠጣሉ፤ የሌላቸው ይራባሉ። ብዙ የመጽሐፍ ቅዱስ አስተማሪዎች እንደሚሉት ዘግይተው የሚደርሱት ጌቶቻቸው ቶሎ የማይለቋቸው ባሪያዎችና ድሆች ናቸው። ጳውሎስ ታዲያ ምን አለ? ይህ የጌታ እራት አይደለም አላቸው! እንጀራውም ጽዋውም አለ፤ መጠባበቅ ግን የለም።

አንዳንዶቻችን ደግሞ «ማዳሜ ላይ ተናድጃለሁ፣ አይገባኝም» ብለን እንቀራለን። ጳውሎስ ግን ሰው ራሱን መርምሮ ይብላ ነው ያለው፣ መርምሮ ይቅር አላለም። ኃጢአት ካለ ንስሐ እንግባና እንቅረብ። ስንመረምርም ይህንን እንጠይቅ፦ አጠገቤ ያለችውን እህት የክርስቶስ አካል ብዬ አይቻታለሁ ወይ? «እሷ ኮንትራት ነች፣ እሷ ጠፍታ የወጣች ነች» እየተባባልን አንድ እንጀራ እንዴት እንቆርሳለን?

ጨርሶ መውጣት የማይፈቀድላቸውስ? ሰማዕቱ ዮስጢኖስ በ150 ዓ.ም. ገደማ ስለ እሁድ አምልኮ ሲጽፍ፣ ላልመጡት ድርሻቸውን ዲያቆናት ይወስዱላቸው እንደነበር ይናገራል። የቀረ ሰው አይረሳም ነበር ማለት ነው።

ስለዚህ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ማዕዱ በፕሮግራሙ መጨረሻ እንዲሆን ሽማግሌዎቻችንን ለምኛለሁ። እናንተም የቀረችውን እህት ደውላችሁ ጠይቋት። ስልክ ከሌላት ስሟን ጠርታችሁ ጸልዩላት።

ጌታ በዚያች ሌሊት ፎጣ ታጥቆ የደቀ መዛሙርቱን እግር አጠበ፤ የአገልጋይ ሥራ ነው የሠራው። እጃችን በበረኪና ቢሰነጣጠቅም በእርሱ ማዕድ ላይ ልጆች ነን፣ የተረፈ የምንለቅም አይደለንም። እስኪመጣ ድረስ ሞቱን እየተናገርን እንጠባበቅ።

ማራናታ!

እህታችሁ